«ዌን ማይ?»፦ የጀልባ ሞተር ሲግል መጀመሪያ የሚጠየቅ ጥያቄ

ይህ በዐርብ ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ «በጽሑፍ ይሰጠንና ለቤተሰብ እንላከው» ስላላችሁ ራሷ ጽፋ ሰጥታናለች።

ስድስት ቀን ሙሉ ቆማችሁ ሠርታችሁ፣ በአንዷ የዕረፍት ቀናችሁ ደግሞ ስለ ሞተር ላወራችሁ ነውና አትቀየሙኝ። ገንዘብ ያዣችን እትዬ ናቸው «ያጋጠመሽን ለሌላውም ንገሪ፤ እዚህ ከተቀመጠው ሰው አገር ቤት ሞተር ያልገዛ የለም» ብለው ያዘዙኝ። እውነታቸውን ነው። አንዷ ለወንድሟ ባጃጅ ገዝታለች፣ አንዷ ለአባቷ የመስኖ ፓምፕ፣ አንዷ ወፍጮ። እኔ ደግሞ የጀልባ ሞተር ገዛሁ።

መካኒክ አይደለሁም። ከአስረኛ ክፍል ነው የወጣሁት። እዚህ ኩዌት ሰባት ዓመቴ ነው፣ ሰባቱንም ዓመት የያዝኩት መጥረጊያና ድስት ነው። ግን የጣና ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር ተወልጄ፣ አባቴ በደንገል ታንኳ አሳ ሲያወጣ እያየሁ ነው ያደግኩት። ጣና ሲታይ ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ሌላ ነው። ሦስት ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ውሃ ላይ፣ መሐል ገብቶ ሞተር የጠፋበት ሰው ምን እንደሚሰማው የውሃ ዳር ሰው ያውቀዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜ «እታለም፣ ሞተር ብቻ ቢኖረኝ በሰው ጀልባ ተቀጥሬ አልቀርም ነበር» አለኝ። ጀልባውን የአባታችን ጓደኛ በዱቤ ሰጡት፣ ሞተሩን እኔ ገዛሁ። ያገለገለ፣ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት፣ ቱ ስትሮክ የሚባለው፣ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚጠጣ ዓይነት ነው። የ14 ወር ቁጠባዬን ጨረሰው። አልቆጨኝም። ሌሊት መረብ ይጥላል፣ ቆሮሶና አምባዛ ያወጣል፤ ጠዋት ከዘጌ ሰውና ዕቃ ወደ ባሕር ዳር ያመጣል። እማዬ ከእኔ የወር ገንዘብ መጠበቅ አቆመች። እኔም «አንድ ኮንትራት ልጨርስና ልግባ» ብዬ ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

ባለፈው ጥቅምት ስልክ ተደወለ። «እታለም፣ ሞተሩ ተቃጠለ» አለኝ።

ስምንት ሰው ጭኖ ከዘጌ ሲመጣ መሐል ላይ ሞተሩ ጉልበት አጣ፣ የተቃጠለ ቀለም የመሰለ ሽታ ሸተተ፣ ከክዳኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ወዲያው አጠፋው። ሰዎቹ «እስከ ዳር አድርሰንና ከዚያ ታየዋለህ» ብለው ተቆጡ፤ እሱ እምቢ ብሎ በመቅዘፊያ ሁለት ሰዓት ቀዝፎ አወጣቸው። ይኼ ደግሞ ሁለተኛው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ግሎበት፣ መካኒክ የውሃ ፓምፑን ጎማ ቀይሮለት ነበር፣ ያንንም የከፈልኩት እኔ ነኝ። አሁን ያው መካኒክ «ይኼ ሞተር አብቅቷል፣ ወይ ሙሉ ለሙሉ ይፈታ፣ ወይ ሌላ ግዙ» አለ። የጠራው ዋጋ የስምንት ወር ደመወዜ ነው።

የተናገርኩትን አልደብቃችሁም። ወንድሜን «ገንዘቤን በልተህ ነው፣ ሞተሩንም በእንዝህላልነት ነው ያቃጠልከው» አልኩት። ዝም አለ። ስልኩን ዘጋሁበት።

በሚቀጥለው ዐርብ ከሳጥናችን ብድር ልጠይቅ መጣሁ። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ምኑ ነው የተበላሸው?» አሉኝ።

«ሞተሩ» አልኳቸው።

«ሞተሩማ ገባኝ፤ የሞተሩ ምኑ?»

መልስ አልነበረኝም። የስምንት ወር ላቤን ልከፍል ተነስቼ ምኑን እንደማሠራ አላውቅም። «እንግዲያው ጠይቀሽ ነይ፣ ሳጥኑ የትም አይሄድም» አሉኝ። ያን ቀን ከፍቶኝ ነበር። አሁን ግን እግራቸውን ብስም ደስ ይለኛል።

ውሃው በየት ገብቶ በየት ይወጣል

በዚያው ሳምንት አሠሪዎቼ ባሕሩ ዳር ወዳለው ሻሌ ወረዱ፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። እዚያ ተራዱን፣ ማለት ፈጣኑን ጀልባ፣ የሚጠብቁ አንድ የህንድ ሰው አሉ። ከኬራላ ናቸው፣ የአሳ አጥማጅ ልጅ፣ ፀጉራቸው የሸበተ። ሻይ ስወስድላቸው በተሰባበረ ዐረብኛችን ነገርኳቸው፦ የወንድሜ ሞተር ጋለ፣ ተቃጠለ፣ መካኒኩ አብቅቷል አለ። ገመድ እየጠቀለሉ ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ዌን ማይ?» ውሃው የት አለ?

የጣናን ውሃ የጠየቁኝ መስሎኝ «ባህራችን ትልቅ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ የተራዱን ሞተር ክዳን ከፍተው በጣታቸው እያሳዩ አስረዱኝ። እኔም እንደሳቸው ላስረዳችሁ።

መኪና ራዲያተር አለው፤ አንዴ የተሞላ ውሃ እየዞረ ያቀዘቅዘዋል። የጀልባ ሞተር ራዲያተር የለውም፣ የሚሄድበትን ውሃ ራሱን ነው የሚጠጣው። ውሃ ውስጥ በሚገባው እግሩ ላይ፣ በፕሮፔለሩ አካባቢ፣ ወንፊት የመሰለ መግቢያ አለ። ከዚያ ከፍ ብሎ እግሩ ውስጥ ትንሽ የውሃ ፓምፕ ተቀምጧል። ፓምፑ ውስጥ ኢምፔለር የሚባል ክብ ጎማ አለ፤ ዙሪያውን እንደ አበባ ቅጠል ምላስ ምላስ ያለው። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ ሲዞር ኢምፔለሩም አብሮ ይዞርና ውሃውን ስቦ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል። ላይ ሲደርስ በሲሊንደሩና በቴስታታው ዙሪያ ባሉ ጠባብ መንገዶች ይሄዳል፣ ሙቀቱን ተሸክሞ ተመልሶ ይወርዳል፣ አብዛኛውም ከጭሱ ጋር ከታች ይወጣል። ጥቂቱ ግን በሞተሩ ጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ እንደ ክር እየቀጠነ ሲፈስ ይታያል። ሰውዬው ያቺን ክር እያሳዩኝ «ሞተሩ ካልሸና ታሟል» አሉኝ።

ላይ፣ መንገዱ መሐል፣ ቴርሞስታት የሚባል በር ጠባቂ አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይከፍታል።

በቃ፣ ይኼ ነው። ከመግቢያው እስከ መውጫው አንድ መንገድ ነው። ሞተሩ የጋለው አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ አንድ ቦታ ስለተዘጋ ነው። ሙቀቱን እያዩ «ተቃጠለ» ከማለት፣ ውሃው የት ላይ እንደቆመ ከታች ጀምሮ መፈለግ። ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ሳይፈታ ከሚታየው ተፈትቶ ወደሚታየው።

መጀመሪያ ማጥፋት

ውሃ ላይ እያላችሁ ሞተር ሲግል የመጀመሪያው ሥራ ጋዝ ቀንሶ ማጥፋት ነው። ትልልቆቹ ሞተሮች ሲግሉ ይጮሃሉ፣ ጉልበታቸውንም ራሳቸው ይቀንሳሉ። የወንድሜ ዓይነት ትንንሽና አሮጌ ሞተር ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ ማስጠንቀቂያው ያቺ የውሃ ክር ናት። ስለዚህ ነጂው በየጊዜው ዞር ብሎ ሊያያት ይገባል። «ትንሽ ብቻ፣ እስከ ዳር» የሚባለው ነገር ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያጣብቀው ነው። ያኔ እውነትም ሞተሩ አበቃ ማለት ነው።

ከጠፋ በኋላ መልህቅ ካለ መጣል፣ ከሌለ መቅዘፊያ መያዝ፣ ነፋስ ወደ ድንጋይ እንዳይገፋ። ቁልፉን ወይም የማጥፊያውን ገመድ ነቅሎ ኪስ መክተት፣ ከዚያ በፊት ማንም ሰው እጁን ወደ ፕሮፔለሩ አያስጠጋ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም። እኛ የጋለ ብርጭቆ ምጣድ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ ብረትም በድንገት ከቀዘቀዘ ሊጣመምና ሊሰነጠቅ ይችላል። ክዳኑን አንስቶ በራሱ ጊዜ እንዲበርድ መተው ነው።

ከታች ወደ ላይ

በዚያው ምሽት ለወንድሜ በኢሞ ደወልኩለት። ድምፁ እንደተከፋ ነው። «ይቅርታውን በኋላ እናገራለሁ፣ መጀመሪያ ሞተሩን እንይ» አልኩት። ባልዲና ስልክ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ አምስት ማታ አብረን ሠራን፤ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ልብስ እየተኮስኩ ስልኬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ። ያልገባንን እኔ ለሰውዬው የድምፅ መልእክት እልካለሁ፣ እሳቸውም ይመልሳሉ።

አንደኛ ወንፊቱን አየን። ጣና ላይ እምቦጭ ከታየ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ ነው፤ ሥሩ እንደ ፀጉር ነው፣ መግቢያው ላይ ይጠመጠማል። ፌስታልም እንዲሁ። የፌስታል ችግሩ ሞተሩ ሲጠፋ ራሱ ሊላቀቅ ይችላል፤ ያኔ ብታዩ ምንም የለም፣ ሲነሳ ደግሞ ተመልሶ ይለጠፋል። ወንድሜ ጥቂት የእምቦጭ ሥርና የመረብ ክር አወጣ። ደስ አለን። ግን በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲያስነሳው ውሃው ጠብ ጠብ ከማለት አላለፈም።

ሁለተኛ የመውጫዋን ቀዳዳ። አንዳንዴ ሞተሩ ደህና ነው፣ የተደፈነችው ቀዳዳዋ ብቻ ናት፤ አሸዋ ይገባባታል፣ ቆሞ ከከረመም ነፍሳት ቤት ይሠሩባታል። ሞተሩ ጠፍቶ በቀጭን ሽቦ ወይም በአሳ መንጠቆ ክር ቀስ ተብሎ ይጸዳል። የእኛ ክፍት ነበረች።

ሦስተኛ የሞተሩ ከፍታ። ሞተሩ ከጀልባው ጀርባ በጣም ከፍ ተደርጎ ከታሰረ መግቢያው ከውሃ ይልቅ አየር ይስባል፣ በተለይ በማዕበል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ተቃራኒውም አለ፦ ጥልቀት በሌለው ቦታ እግሩ ጭቃ ከነካ ጭቃ ይጠጣል። በክረምት ጉማራና ርብ አፈር ይዘው ሲገቡ ዳር ዳሩ ቡና ይመስላል። አሸዋና ጭቃ የፓምፑን ጎማ እንደ ሞረድ ይበላዋል። የወንድሜ ከፍታው ልክ ነበር፤ ጭቃ ላይ ግን እያስነሳ ይወጣ እንደነበር አመነ። አሁን ዳር ላይ በዘንግ ገፍቶ ጥልቅ ቦታ ከደረሰ በኋላ ያስነሳል።

አራተኛ ዘይቱ። ቱ ስትሮክ ሞተር የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በተደባለቀው ዘይት ነው። ዘይት ሲያንስ ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ውሃው ቢሄድም ይግላል። በብዙዎቹ ልኩ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው፣ ማለት ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር። የእያንዳንዱ ሞተር ልክ መጽሐፉ ላይ አለና እሱን ማየት ነው። ዘይቱም ለጀልባ ሞተር የተሠራው ይሁን። «በምን ትለካለህ?» ስለው «በዓይኔ» አለኝ። እህቶቼ፣ እኛ የልጅ ወተት በዓይን አንለካም! ከእማዬ ጋር የሽሮፕ መለኪያ ሰጠነው። ይኼ ስህተት ነበር፣ ግን ዋናው በሽታ አልነበረም፤ ውሃው አሁንም ጠብ ጠብ ነው።

አምስተኛ ፓምፑ። እዚህ ላይ እግሩ መፈታት አለበትና ወንድሜ ሌላ፣ ሸምገል ያሉ መካኒክ አመጣ። የእግሩ ብሎኖች ይፈታሉ፣ የማርሹ ዘንግ ይላቀቃል፣ እግሩ ወደ ታች ይወርዳል። የፓምፑ ቤት ሲከፈት ኢምፔለሩ ይታያል። ምላሶቹ ሳይሰበሩ፣ ሳይሰነጠቁ፣ ወደ አንድ ጎን ታጥፈው ደርቀው ሳይቀሩ ናቸው ወይ? የፓምፑ ቤትስ ተቧጭሯል ወይ? ይኼ ጎማ እንደ ጫማ ሶል ነው፣ ያልቃል። በየዓመቱ አውጥቶ ማየት ልማድ ይሁን፣ ጭቃ በበዛበት ደግሞ ቶሎ ቶሎ።

የእኛ አዲስ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት የተቀየረ፣ ስድስት ምላስ፣ ሁሉም ደህና። ተስፋዬ ቆረጠ። «ያ መካኒክ እውነቱን ነው» አልኩ በልቤ። ለሰውዬው የአዲሱን ኢምፔለር ፎቶ ላክሁላቸው። የመለሱልኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «አሮጌውስ የት አለ?»

የጎደለው ምላስ

ወንድሜ አሮጌውን ኢምፔለር አልጣለውም ነበር፣ ብሎን በሚያስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ አገኘው። ፎቶ ላከልኝ። ቆጠርኩ። አራት ደህና፣ አንዱ ከግማሹ የተቆረጠ፣ አንዱ ከሥሩ የለም።

ሰውዬው ፎቶውን ሲያዩ «እነዚህ የት ሄዱ?» አሉ።

እስቲ አስቡት። ጎማ ተሰብሮ ውሃው ውስጥ አይሟሟም። ውሃው ወደሚሄድበት ይሄዳል፣ ማለት ወደ ላይ፣ ጠባቡ መንገድ ውስጥ። የመጀመሪያው መካኒክ አዲስ ጎማ ሲያስገባ የተሰበረውን ሳይፈልግ ዘጋው። አዲሱ ፓምፕ ውሃውን በደንብ ይገፋል፣ ውሃው ግን ከላይ በተቀረቀረው ቁራጭ ይታገዳል።

ስድስተኛው ሥራ ያ ሆነ። ቀጭኑ ቱቦ ወጥቶ ሲታይ የግማሹ ቁራጭ ጫፉ ላይ ተገኘ። የቴርሞስታቱ ክዳን ሲፈታ ደግሞ ትልቁ ምላስ ከሥሩ፣ መግቢያው ላይ እንደ ቡሽ ተሰክቷል። ወንድሜ በመዳፉ ላይ አድርጎ በካሜራው አሳየኝ። ከጥፍሬ አይበልጥም። ለዚህች ነው የስምንት ወር ደመወዝ የተጠየቅኩት።

ቴርሞስታቱን እማዬ ምድጃ ላይ ፈተንነው። ይኼን ማንኛችንም እንችላለን። በክር አስሮ ድስት ውሃ ውስጥ ማንጠልጠል፣ የድስቱን ሥር ሳይነካ። ቀስ እያሉ ማሞቅ። ላዩ ላይ የሚከፈትበት ሙቀት ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙ የጀልባ ሞተሮች ላይ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው፣ ማለት ውሃው ሳይፈላ ገና ሲያተን። ያኔ በሩ ሲከፈት ይታያል፣ ሲወጣና ሲበርድ ይዘጋል። ውሃው እስኪፈላ ካልተከፈተ ሞቷል፣ ይቀየራል። አንዳንዱ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» ይላል፤ ያለሱ ሞተሩ ሁልጊዜ በጣም ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ቤንዚንም በደንብ አያቃጥልም። የእኛ ደህና ነበር፣ ተመልሶ ገባ።

የቴስታታው ጋርኒሲዮን በአንድ በኩል ስለተቃጠለ ተቀየረ። ሲሊንደሩ ሲታይ አልተፋቀም። ሽማግሌው መካኒክ ወንድሜን «ወዲያው ባታጠፋው ኖሮ ይኼን አታገኘውም ነበር» አሉት። ስምንት ሰው እየተቆጣው እምቢ ብሎ ማጥፋቱ ነው ሞተሬን ያዳነው። እኔ ደግሞ በእንዝህላልነት ከሰስኩት። ይኼን የነገረኝ ሽማግሌው እንጂ እሱ አይደለም።

መልሶ ሲገጠም አንድ መጠንቀቂያ አለ። እግሩ ወደ ላይ ሲገባ ቀጭኑ የውሃ ቱቦ ትክክል ጎማው ውስጥ መግባት አለበት። ትንሽ ዘወር ካለ ውሃው ቱቦው ውስጥ ሳይገባ ዝም ብሎ ይፈሳል፣ ሁሉም አዲስ ሆኖ ሞተሩ እንደገና ይግላል። ስለዚህ ገጥሞ ወዲያው ሐይቅ መውጣት የለም፤ መጀመሪያ በርሜል።

በርሜል ውስጥ ሲያስነሳው እኔ ኩሽና ውስጥ ነበርኩ። ድምፁን ሰማሁ፣ ከዚያ ስልኩን ወደ ጎን አዞረው። ውሃው እንደ ክር ቀጥ ብሎ እየወጣ ነው። በእጁ ነካውና «ለብ ያለ ነው እታለም፣ አያቃጥልም» አለኝ። ማዳም ገብታ ለምን እንደማለቅስ ጠየቀችኝ። ሽንኩርት ነው አልኳት።

ጠቅላላ ወጪው ጋርኒሲዮኑና የሽማግሌው የሁለት ቀን ሥራ ነው። ከአስር ቀን ደመወዜ አይበልጥም። ከሳጥኑ አልተበደርኩም።

ጎማው ለምን ተሰበረ?

ይኼን መጠየቅም ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ በዓመቱ ይደገማል። ወንድሜ ሲያስታውስ፣ ሞተሩን የገዛን ዕለት ሻጩ «ድምፁን ስማው» ብሎ መሬት ላይ፣ ያለ ውሃ አስነስቶለት ነበር። እሱም ካስተማረው ተማረና ከክረምት በኋላ እንዲሁ በደረቅ እያስነሳ ይሞክረው ነበር። ያ ጎማ የሚለሰልሰው በውሃው ነው፤ በደረቅ ሲዞር በጥቂት ሴኮንድ ይጎዳል። ቆሞ ከከረመ ሞተር ላይ ደግሞ ጎማው ታጥፎ ደርቆ ስለሚቆይ ይሰነጠቃል። ያገለገለ ሞተር ልትገዙ የምትልኩ ሁሉ፣ ሻጩ በርሜል ውሃ ውስጥ ያስነሳው፣ የውሃዋም ክር በቪዲዮ ትታይ። ገዝታችሁ ስታበቁ ኢምፔለሩን ቀይሩት፤ የቀደመው ሰው መቼ እንደቀየረው አታውቁም።

እዚህ ባሕረ ሰላጤው ላይ ጀልባ ላይ የምትሠሩ ወንድሞቼ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ፣ ግን ላስታውስ። የባሕር ውሃ ጨው አለው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር እናውቀዋለን፤ ጨውም ሞተሩ ውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች እንዲያ እየተጋገረ መንገዱን ያጠበዋል። ፓምፑም ቴርሞስታቱም ደህና ሆነው ሞተር ከጋለ አንዱ የሚጠረጠረው ይኼ ነው። ሰውዬው ተራዱ ከባሕር በወጣ ቁጥር የቧንቧ ውሃ በሞተሩ ውስጥ ያሳልፋሉ። አንድም ቀን ሲዘሉ አላየሁም።

ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ይኼ ሁሉ ስለ እኔ ሞተር ብቻ እንዳይመስላችሁ። «ተበላሸ፣ ላኪ» የሚል ስልክ ለሁላችንም ይመጣል። ሁለት ነገር እናደርጋለን፦ ወይ ሳንጠይቅ እንልካለን፣ ወይ ሳንጠይቅ እንቆጣለን። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ወንድሜ አልዋሸኝም፣ መካኒኩም ሌባ ነው አልልም፤ ቸኩሏል። የፈሩ ሰዎች ነበሩ፣ እኔም ፈርቼ ነበር፣ ማንም ደግሞ ረጋ ብሎ «ምኑ?» አላለም፣ ከእትዬ በቀር።

ለጀልባ ሞተር የምትጠይቋቸውን ጽፌአለሁ፣ ገልብጣችሁ ላኩ፦

1. ሲግል ወዲያው ጠፋ ወይስ እየሄደ ቆየ?
2. የውሃው ክር ይወጣል? ቀጥ ብሎ ነው ወይስ ጠብ ጠብ? ለብ ያለ ነው ወይስ የሚያቃጥል? በቪዲዮ አሳዩኝ።
3. መግቢያው ወንፊት ላይ እምቦጭ፣ ክር፣ ፌስታል አለ? የመውጫዋ ቀዳዳ በሽቦ ተጸድታለች?
4. ሞተሩ ከፍ ብሎ ታስሯል? ጭቃ ላይ ተነስቷል? በደረቅ ተነስቷል?
5. ዘይቱ በምን ተለካ?
6. ኢምፔለሩ መቼ ተቀየረ? አሮጌውን አሳዩኝ። ምላሱ ጎድሎ ከሆነ፣ የጎደለው ተገኝቷል?
7. ቴርሞስታቱ በሙቅ ውሃ ተፈትኗል?
8. ከተገጠመ በኋላ በርሜል ውስጥ ተሞክሯል?

ስምንቱ ተመልሰው ገና ከጋለ፣ ያኔ ሞተሩ ይፈታ፣ ያኔ ብድሩም ይጠየቅ። የተቀየረ ዕቃ ሁሉ አሮጌው ይመለስላችሁ፤ መካኒኩ ዘንድ አይቅር። የእኔን ነገር የፈታችው ያቺ የተጣለች ጎማ ናት።

ለባጃጅም፣ ለመስኖ ፓምፕም ጥያቄው የዚሁ ዘመድ ነው። መካከላችን እነሱን የሚያውቅ ካለ በሚቀጥለው ዐርብ ተነስቶ ይንገረን። ሳጥናችን ውስጥ ያለው ገንዘብ ብቻ መሆን የለበትም።

ወንድሜን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «እታለም፣ እኔ እንኳ ረስቼዋለሁ» አለኝ፤ እንዳልረሳው አውቃለሁ። በየማታው ግን ሥራ ሲጨርስ የውሃዋን ክር ቪዲዮ ይልክልኛል፣ ምንም ሳይጽፍ። እኔም አየዋለሁ፣ ከዚያ እተኛለሁ። ኮንትራቴ ሊያልቅ አሥራ አንድ ወር ቀርቶታል።

ሁላችንንም በሰላም ለአገራችን ያብቃን።